23 የነበረው 14 ሆነ፤ ቀይ ቀበሮ ቀነሰ ማለት ነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው በአንድ የደጋ አካባቢ በዱር እንስሳት ጥበቃ የተሰማሩ ወጣት ባለሙያ ናቸው። ባለፈው ዓመት በታኅሣሥ ወር ሦስት ሆነው በአንድ የቆጠራ መስመር ሲጓዙ 23 ቀይ ቀበሮ አዩ። ዘንድሮ በሐምሌ ሁለት ሆነው በዚያው መስመር ሲጓዙ 14 አዩ። በአንጻሩ ያዩት የውሻ ቁጥር ከ9 ወደ 17 ወጥቷል። «ቀይ ቀበሮው በ39 ከመቶ ቀንሷል፤ ምክንያቱም መጤው ውሻ ነው ብዬ ሪፖርት ላድርግ? ካልሆነስ የአገር በቀሉንና የመጤውን አዳኝ ብዛት እንዴት ልከታተል?» ይላሉ።

አይበሉ። ቢያንስ ገና አይበሉ። ቀይ ቀበሮው አልቀነሰም ማለቴ አይደለም፤ ቀንሶም ሊሆን ይችላል። በእጅዎ ያሉት ሁለት ቁጥሮች ግን ይህን የመመስከር አቅም የላቸውም።

ከአጋጣሚ እንጀምር። በሁለቱም ዓመታት የቀበሮው ብዛት ፈጽሞ አልተለወጠም ብለን እናስብ። እንዲህ ከሆነ በአንድ ጉዞ የሚታየው አማካይ ቁጥር 18 ወይም 19 ነው፤ ከዚህ በአራት ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ማለት ደግሞ የተለመደ ነው። ሒሳቡ ሲሠራ፣ የ23ና የ14ን ያህል ልዩነት ምንም ለውጥ በሌለበት ከአምስት ጊዜ አንዱን ገደማ እንዲሁ ይከሰታል። ይህም እያንዳንዱ ቀበሮ ከሌላው ተለይቶ፣ በራሱ ዕድል ይታያል ካልን ነው። እውነታው እንደዚያ አይደለም። ቀይ ቀበሮ የሚያድነው ብቻውን ቢሆንም የሚኖረው በመንጋ ነው። ምግብ በሞላባቸው የባሌ ሜዳዎች አንድ መንጋ በአማካይ ስድስት ያህል አዋቂዎች አሉት፤ ግዛቱም ስድስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያን ዕለት ጠዋት አንዱ መንጋ ከኮረብታው ማዶ ከዋለ ስድስት ቀበሮ በአንድ ጊዜ ከመዝገብዎ ይጎድላል። ስለዚህ ትክክለኛው የአጋጣሚ ድርሻ ካሰላነው ይበልጣል እንጂ አያንስም።

ለውሻውም ሒሳቡ ያው ነው። ከ9 ወደ 17 መውጣት እጥፍ ለመሆን የቀረበ ስለሆነ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ይህም ከስድስት ጊዜ አንዱን ገደማ በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ልዩነት ነው። የምንወደው እንስሳ ሲቀንስና የምንጠረጥረው ሲበዛ ሁለቱንም ቶሎ ማመን የሙያችን የቆየ ድክመት ነው።

ሁለተኛውና የከፋው ችግር ወሩ ነው። ታኅሣሥ ሰማዩ የጠራ ነው። ቀይ ቀበሮ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ስለሚወልድ የመንጋው አባላት በጉድጓዱ ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ ቡችሎቹን ለመመገብም ይመላለሳሉ። በሐምሌ ጉም አለ፣ ዝናብ አለ፣ ብርድ አለ። ቀበሮው የሚመገባቸው አይጦችና ፍልፈሎች ከጉድጓዳቸው የሚወጡበት ሰዓት ከአየሩ ጋር ይለዋወጣል፤ ቀበሮውም እነሱን ተከትሎ ሰዓቱን ይለውጣል። በዚያ ላይ የሚያይ ዓይን ከሦስት ጥንድ ወደ ሁለት ወርዷል። መዝገብዎ ላይ የሰፈረው ቁጥር የሁለት ነገሮች ብዜት ነው፤ አንዱ በቦታው ያለው ብዛት፣ ሌላው ያለው እንስሳ የመታየት ዕድሉ። እርስዎ ወሩንም የተመልካቹንም ቁጥር በአንድ ጊዜ ለውጠው ልዩነቱን በሙሉ ለብዛቱ ሰጡት። የአንድን ከተማ ሕዝብ አምና በገበያ ቀን፣ ዘንድሮ በአዘቦት ቀን መንገድ ዳር ቆሞ ቆጥሮ «ነዋሪው ተሰደደ» እንደማለት ነው።

ውሻውም ከወቅት ነጻ አይደለም። በብዙ የደጋ አካባቢ በክረምት የታችኛው ማሳ በሰብል ሲያዝ ከብቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ውሻውም እረኛውን ተከትሎ ይወጣል። በአካባቢዎ ልማዱ እንዲህ ከሆነ በሐምሌ ብዙ ውሻ ማየትዎ የከብቱን ጉዞ ይነግረናል እንጂ የውሻን መራባት አይነግረንም።

አሁን ወደ መፍትሔው። ለቀይ ቀበሮ የማምንበት መለኪያ መንጋን መከታተል ነው። መስመር ላይ እየሄዱ ጭንቅላት መቁጠር ሁለተኛ ደረጃ ይሁን። በባሌ ተራሮች ይህ ሥራ ለአሥርተ ዓመታት ተሠርቷል፤ ክላውዲዮ ሲሌሮ ዙቢሪ በእ.ኤ.አ. 1995 የመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም የተወሰኑ መንጋዎችን በየዓመቱ እየተመላለሰ ያያል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ብቻ ነው። መንጋው ሲነጋና ሲመሽ ተሰብስቦ የግዛቱን ድንበር በጠረኑ ምልክት እያደረገ ይዞራል። በዚያ ሰዓት ከፍ ካለ ቦታ ሆነው በአቅርቦ ማሳያ መነጽር ሲመለከቱ አዋቂውን፣ ጎረምሳውንና ቡችላውን ለይተው መመዝገብ ይችላሉ። በጉሮሮና በደረት ላይ ያለው ነጭ ምልክት ከቀበሮ ቀበሮ ስለሚለያይ ልምድ ያለው ሰው ግለሰቦቹን ጭምር ያውቃቸዋል።

ይህን የምመርጠው ለትክክለኛነቱ ብቻ አይደለም። በአንድ መንጋ ውስጥ በአብዛኛው የምትወልደው የበላይዋ ሴት ብቻ ናት፤ ሌሎቹ ቡችሎቹን በመመገብና በመጠበቅ ያግዛሉ። እንግዲህ 14 ቀበሮ በሦስት መንጋ ተከፋፍሎ ሦስት እናቶች ሲኖሩትና 14 ቀበሮ በአንድ ትልቅ መንጋ ሲኖር ድምሩ አንድ ቢሆንም የነገ ዕጣቸው ለየቅል ነው። መስመር ላይ የሚቆጥር ሰው ይህን ልዩነት አያየውም። ስለዚህ በየዓመቱ አራት ነገሮችን ይያዙ፤ ስንት መንጋ አለ፣ በእያንዳንዱ ስንት አዋቂ አለ፣ ስንቱ መንጋ ወለደ፣ ከተወለዱት ቡችሎች ስንቶቹ ዓመት ሞላቸው። የመጨረሻው በተለይ እንዳይረሳ። ቡችሎች ከተወለዱ ሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ከጉድጓድ ብቅ ሲሉ መቁጠር ደስ ይላል፤ ሁሉም ፎቶ ያነሣል። ዓመት ሲሞላቸው ተመልሶ የተረፉትን የሚቆጥረው ግን ጥቂት ነው።

መስመሩንም አይጣሉት። ነገር ግን በአንድ ዓመት አንድ ጊዜ ከመሄድ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ መካከል በሁለት ሳምንት ውስጥ አምስት ስድስት ጊዜ ይመላለሱበት። ከጉዞ ጉዞ ያለው መለያየት የስሕተትዎን ስፋት ይነግርዎታል፤ ያለዚያ የትኛው ልዩነት ቁም ነገር እንደሆነ ለማወቅ መንገድ የለም። በእያንዳንዱ ዕይታ ላይ ከመስመሩ እስከ እንስሳው ያለውን ቀጥ ያለ ርቀት ይለኩ፤ በርቀት ላይ የተመሠረተው ስሌት የመታየትን ዕድል ለመገመት የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። ስሌቱ አስተማማኝ እንዲሆን ከ60 እስከ 80 የሚደርስ ዕይታ ይፈለጋል፤ ቀበሮው በቡድን ከታየ ቡድኑ እንደ አንድ ዕይታ ይቆጠራል። በአንድ ዓመት ይህን ማግኘት ይከብዳል። ወቅቱ፣ ሰዓቱና የተመልካቹ ቁጥር ካልተለዋወጠ የበርካታ ዓመታት ርቀቶችን አንድ ላይ አድርጎ የመታየትን ዕድል ማስላት፣ ከዚያም የየዓመቱን ብዛት ለየብቻ ማውጣት ይቻላል። የተጓዙት ኪሎ ሜትር፣ የጀመሩበት ሰዓት፣ ጉሙና ነፋሱ ሁሉ ይመዝገብ። ምንም ያልታየበት ጉዞም ይመዝገብ፤ ብዙ መዝገቦች የሚበላሹት ባዶ ቀን «አይረባም» ተብሎ ስለሚጣል ነው።

የሰሜን ከፍታዎች ላይ የምትሠሩ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለባችሁ። እንደ ጓሳ መንዝ ባሉ ቦታዎች ቀይ ቀበሮ ከአፍሪካ ተኩላ ጋር ሜዳ ይጋራል፤ ይህ ከእ.ኤ.አ. 2015ቱ የዘረመል ጥናት በፊት ወርቃማ ጃካል ይባል የነበረው ነው። በጠዋት ጭጋግ፣ ከሩቅ፣ በተለይ ከበስተኋላ ሲታይ ሁለቱን መቀላቀል ቀላል ነው። «ያልተለየ» የሚል ዓምድ በቅጹ ላይ ይኑር፤ ያለዚያ መዝጋቢው በግምት ይሞላዋል። (ለነገሩ ጓሳ የደረሰ ሰው ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሲያድን የማየት ዕድል አለው። በዚያ የተደረገ ጥናት ቀበሮው በጭላዳዎቹ መካከል ሆኖ አይጥ ለመያዝ ካደረገው ሙከራ 67 ከመቶው፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25 ከመቶው ብቻ እንደተሳካለት አሳይቷል። ጭላዳ መሐል ያለውን ቀበሮ ሳይቆጥሩ የሚያልፉ ቆጣሪዎች እንዳሉም ልብ ይሏል።)

ይህን ሁሉ አድርገን ለውጥን ለማየት ስንት ዓመት ይፈጃል? ብዛቱ በየዓመቱ አምስት ከመቶ የሚወርድ ከሆነ ከአምስት ዓመት በኋላ ከመቶው 77 ይቀራል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ 60፤ ከ13 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ ግማሹ ያልቃል። የእርስዎ ቆጠራ ከጉዞ ጉዞ በሩብ ያህል የሚዋዥቅ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት መውረድ ከመዋዠቁ ለይቶ ማየት አይቻልም። የሁለት ዓመት ንጽጽር አዝማሚያ የማይሆነው ለዚህ ነው። ዘዴውን በየዓመቱ «ማሻሻል» የሚወዱ አለቆች ካሉብዎ ይህን ሒሳብ ያሳዩአቸው። ጉድለት ያለበት ግን ያልተለወጠ ዘዴ፣ በየጊዜው ከሚታደስ ጥሩ ዘዴ የተሻለ አዝማሚያ ያሳያል። መለወጥ ግድ ከሆነም አሮጌውንና አዲሱን ቢያንስ ለሁለት ዓመት ጎን ለጎን ያስኪዷቸው።

የቀይ ቀበሮ ጉዳይ ግን በዝግታ መውረድ ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎች ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ በባሌ ይኖራል። በባሌ የእብድ ውሻ በሽታ በእ.ኤ.አ. 1991፣ 2003፣ 2008 እና 2014 ተቀስቅሷል፤ በ2010 ደግሞ ዲስተምፐር የሚባለው የውሻ በሽታ ገብቷል። በ2003 እና 2004 በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛው ገደማ በወራት ውስጥ አለቀ። እንዲህ ያለውን ነገር በዓመት አንድ ጊዜ የሚደረግ ቆጠራ የሚያየው ቀብሩ ካለፈ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ወሬ የሚመጣው ከእረኛው ነው፤ «እንትን ሜዳ ላይ ቀበሮ ሞቶ አየሁ»፣ «የእገሌ ውሻ አብዶ ከብት ነከሰ»። ስለዚህ የሬሳ መዝገብ ከቆጠራው እኩል ክብር ይሰጠው፤ ማን አየ፣ መቼ፣ የት፣ ናሙና ተወሰደ ወይስ አልተወሰደም። ናሙና የሚወስደው የተከተበና ጓንት ያጠለቀ ሰው ብቻ ይሁን። በ2003 የተደረሰበት ትምህርትም ከዚህ ፍጥነት የመጣ ነው። ወረርሽኙ በጊዜ ከታወቀ ሁሉንም ቀበሮ መከተብ ሳያስፈልግ፣ አንዱን የቀበሮ መኖሪያ ከሌላው በሚያገናኙ ጠባብ መተላለፊያዎች ያሉትን መንጋዎች በመከተብ ስርጭቱን መግታት ተችሏል። ከእ.ኤ.አ. 2018 ወዲህ ደግሞ ክትባቱን በፍየል ሥጋ ውስጥ አድርጎ በማታ በመንጋው ግዛት ማደል ተጀምሯል። ይህም ቢሆን የሚሠራው የትኛው መንጋ የት እንደሚያድር ለሚያውቅ ሰው ነው።

ወደ ውሻው እንምጣ። በሌላው ዓለም የመጤ አዳኝ ክትትል ዓላማው ብዙ ጊዜ ማጥፋት ነው። በብሪታንያ ወንዞች የአሜሪካውን ሚንክ የሚከታተሉት ውሃ ላይ በሚንሳፈፍ ትንሽ ጣውላ ነው፤ ጣውላው ላይ ያለው እርጥብ ሸክላ የእግሩን አሻራ ይይዛል። አሻራ ሲያዩ ወጥመድ ይጠምዳሉ። ስንት ሚንክ አለ የሚለው አያስጨንቃቸውም፤ «አለ ወይስ የለም» በቂያቸው ነው። በአውስትራሊያ የዱር ድመትን ብዛት የገመቱ ተመራማሪዎች ደግሞ ከአገር አቀፍ ድርቅ በኋላ 2.1 ሚሊዮን፣ ከዝናባማ ዓመታት በኋላ 6.3 ሚሊዮን ገደማ ብለዋል። ሦስት እጥፍ መዋዠቅ ነው፤ ማንም ምንም ሳያደርግ። በድርቅ ዓመት የቁጥጥር ዘመቻ ጀምሮ «ድመቱን ቀነስኩት» የሚል ሰው ሊያፍር ይገባዋል።

የእኛ ውሻ ግን ባለቤት አለው። ጅብና ነብር ከብት በሚበሉበት ደጋ ውሻ የሌለው ቤት የለም ማለት ይቀላል፤ ውሻውን ማጥፋት የሚለውን ሐሳብ ያነሣ ባለሙያ ከማኅበረሰቡ ጋር ዳግመኛ አይነጋገርም። ከዚህም የተነሣ ለእርስዎ አስፈላጊው የውሻው ጠቅላላ ብዛት አይደለም፤ በቀበሮው ሜዳ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ያልተከተበ ውሻ ነው።

ይህን ለመገመት ጥሩው አጋጣሚ የክትባት ዘመቻ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ በአንድ ቀበሌ 200 ውሻ ከተባችሁና ለእያንዳንዱ ቀለም ያለው የአንገት ማሰሪያ አሰራችሁ እንበል። በማግሥቱ ጠዋት መንደሩንና ግጦሹን ስትዞሩ 60 ውሻ አያችሁ፤ 36ቱ ማሰሪያ አላቸው። ሽፋኑ 60 ከመቶ ነው ማለት ነው፤ 200ን ለ0.6 ስታካፍሉ ጠቅላላው ወደ 333 ይሆናል። መንደሩን ብቻ ሳይሆን ግጦሹንም ዙሩ ያልኩት በምክንያት ነው። ለክትባት ታስሮ የሚመጣው ለሰው የለመደው የቤት ውሻ ነው፤ ከእረኛ ጋር ሜዳ የሚያድረውና ከቀበሮ ጋር የሚገናኘው ብዙ ጊዜ ይቀራል። የመንደሩና የሜዳው ሽፋን ለየብቻ ይሰላ።

ሽፋኑም እንደተለካ አይቆይም። የውሻ ዕድሜ አጭር ነው። ከዓመት ዓመት ሲሶው ሞቶ በቡችላ ቢተካ፣ ዛሬ 70 ከመቶ የነበረው ሽፋን በዓመቱ ወደ 47 ከመቶ ይወርዳል። የእብድ ውሻ በሽታን በውሾች መካከል ለመግታት በተለምዶ የሚጠቀሰው ግብ 70 ከመቶ መሆኑን ስናስብ፣ አንድ ዓመት የተዘለለ ዘመቻ ምን እንደሚያስከትል ግልጽ ነው። የውሻ አዝማሚያ ብለው የሚያቀርቡት ግራፍ ይህ ሽፋን ቢሆን እመርጣለሁ።

የካሜራ ወጥመድ መጠቀም ከቻሉ ለውሻው በጣም ይረዳል፤ መልኩ ስለሚለያይ ግለሰቦቹን በቀላሉ ይለዩአቸዋል። ነገር ግን ካሜራውን በእግር መንገድ ላይ ብቻ አይትከሉ። ውሻ የሰውን መንገድ ይከተላል፤ ቀበሮው ግን ዋና ሥራው ፍልፈል ባለበት ሜዳ ላይ ነው። በመንገድ የተተከለ ካሜራ ውሻን አብዝቶ ቀበሮን አሳንሶ ያሳያል፤ ከዚያ ሁለቱን በፎቶ ብዛት ማወዳደር ከንቱ ነው። ቦታውን በእኩል ርቀት በተሰመሩ አራት ማዕዘኖች ከፍለው በእያንዳንዱ ውስጥ ይትከሉ። እያንዳንዱን እንስሳ ከራሱ ያለፈ ዓመት ጋር ብቻ ያወዳድሩ። ያልተለመደ መልክ ያለው፣ አፈሙዙ አጠር፣ ሰውነቱ ደንደን ያለ «ቀበሮ» ካዩም ፎቶውን ለብቻው ያስቀምጡ፤ በዌብ ሸለቆ በእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ መጀመሪያ በዘረመል ምርመራ የቀበሮና የውሻ ዲቃላ መኖሩ ተረጋግጧል።

የቀረው «ምክንያቱ ውሻ ነው» የሚለው ነው። ቀበሮው በእርግጥ ቀንሶ፣ ውሻውም በእርግጥ ጨምሮ እንኳ ቢሆን ይህ ማስረጃ አይሆንም። የገብስ ማሳ ሽቅብ ሲወጣ ሰው ይከተላል፣ ከሰው ጋር ውሻ ይመጣል፤ ሜዳው ታርሶ ፍልፈሉ ሲጠፋ ቀበሮው ይጠፋል። ሁለቱ ቁጥሮች በተቃራኒ አቅጣጫ የሄዱት በአንድ በሦስተኛ ምክንያት ሊሆን ይችላል። በጉና ተራራ ቀይ ቀበሮ የጠፋው እንዲህ ባለች ጠባብ፣ በእርሻ በተከበበች ደሴት ላይ ነው። ምክንያትን መናገር ከፈለጉ ውሻ የበዛበትንና ያልበዛበትን፣ እርሻ የገፋበትንና ያልገፋበትን ቦታ ማወዳደር አለብዎት፤ የአይጥና የፍልፈል ጉድጓድም በየዓመቱ በተመሳሳይ ቦታዎች ይቆጠር። ጉድጓድ ቆጠራ ርካሽ ነው፤ በአንድ ገመድና በአራት ካስማ ይሠራል።

ለዘንድሮው ሪፖርት እንዲህ ቢጽፉ አያሳፍርዎትም፦ «በታኅሣሥ በሦስት ተመልካች 23፣ በሐምሌ በሁለት ተመልካች 14 ቀይ ቀበሮ ታይቷል። ወቅቱና የተመልካቹ ብዛት ስለተለያየ ሁለቱ ቁጥሮች አይነጻጸሩም። የታዩት ውሾች 9 እና 17 ሲሆኑ የክትባት ሁኔታቸው አልታወቀም።» ከታች ደግሞ የመጪውን ኅዳር ዕቅድ ያስገቡ። በጀት ጠያቂ አለቃ ይህን ሲያነብ ፊቱን ሊያጠቁር ይችላል፤ «39 ከመቶ» የሚለው ቁጥር ገንዘብ ያመጣል። በሚቀጥለው ታኅሣሥ በሦስት ተመልካች ሄደው 22 ቢያዩ ግን «በ57 ከመቶ አገገመ» ብለው ሊጽፉ ነው፤ ከዚያ በኋላ በእውነት ሲያልቅ የሚያምንዎት አያገኙም።